ከአስታማሚነት እስከ ነርስነት፦ ከደብረ ታቦርና ከደቡብ ጎንደር ደጋ የተነሡ የነርስ ትምህርት መንገዶች

የታሪክ መምህር ስለ ነርስ ትምህርት ይናገራል ሲባል አንዳንዶቻችሁ ሳትገረሙ አልቀራችሁም። በተለይ ከጤና ሳይንስ የመጣችሁ «ይህ ሰው ብራናውን ትቶ መርፌ ቤት ምን አገባው?» ብትሉ አልፈርድባችሁም። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

ባለፈው ክረምት የወንድሜ ልጅ ከጋይንት ወደ ቤቴ መጣች። የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስዳለች፤ ውጤቷ ከግማሽ በታች ቢሆንም ሬሜዲያል ለሚባለው የማካካሻ ትምህርት ይበቃል። ነርስ መሆን ትፈልጋለች። ሁለት መንገድ ከፊቷ ነበር። አንደኛው ማካካሻውን ተምራ፣ ካለፈች ዩኒቨርሲቲ ገብታ ዲግሪ መያዝ ነው። ሁለተኛው በክልሉ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ በደረጃ አራት ገብታ ቶሎ ሥራ መያዝ ነው። «ጋሼ፣ አንተ የታሪክ ሰው ነህ፤ የቱ ይሻለኛል?» አለችኝ። የታሪክ ሰው ስለ ነገ የሚያውቀው እንደሌለ ልነግራት አሰብሁና አፈርሁ። ምክንያቱም ከዛሬ አርባ ዓመት በፊት በዚያው ቤት፣ ያንኑ ጥያቄ የጠየቀች ሌላ ሴት ነበረች። ታላቅ እኅቴ ናት። የእርሷን መልስ ውጤት ዕድሜዬን ሙሉ ሳየው ኖሬአለሁ።

ስለዚህ ዛሬ የማቀርበው የዚህን ምርጫ ታሪክ ነው። ከደብረ ታቦርና ከዙሪያዋ ደጋ የተነሣ ወጣት ነርስ ልሁን ቢል በየዘመኑ የትኛው በር ተከፍቶለት ነበር? ከበሩ በኋላስ መንገዱ ወዴት ያደርሰው ነበር? አስቀድሜ ላስታውስ፤ «ዓ.ም» ስል የእኛን አቆጣጠር፣ «እ.ኤ.አ.» ስል የአውሮፓውያኑን ማለቴ ነው። የጤና ተቋማት መዛግብት በሁለቱም ስለሚጽፉ መደበላለቁ ብዙ ሰው አሳስቷል፤ እኔንም ጭምር።

ከቃላቱ ልጀምር፤ ቃል የታሪክ ማስረጃ ነውና። በአማርኛችን በሽተኛን የሚጠብቅ፣ የሚያገላብጥ፣ የሚያጥብና የሚያበላ ሰው «አስታማሚ» ይባላል። አስታማሚነት ሙያ አልነበረም፤ ዝምድና ነበር። በጋይንት ወይም በእስቴ ሰው ሲታመም እናት፣ እኅት፣ ምራት ወይም የጎረቤት ሴት በየተራ መደቡ አጠገብ ታድራለች። ደመወዝ የለውም፤ ቀሪ የሆነ ሰው ግን ይታማል። ሆስፒታል የሚባለው ነገር ወደ አገራችን ሲመጣም አስታማሚው ከበሽተኛው ጋር ገባ፤ አገልግሉንም ጋቢውንም ይዞ። ዛሬም በየክፍሉ አልጋ ሥር ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ነርስነት በእኛ አገር በባዶ ቦታ ላይ አልተተከለም። አስቀድሞ በዘመድ ተይዞ በነበረ ሥፍራ ላይ የመጣ እንግዳ ነው፤ ለዚህም ይመስለኛል «ይህንን ለመሥራት ደግሞ አራት ዓመት ትምህርት ምን ያደርጋል?» የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ ከሽማግሌዎቻችን አፍ ያልጠፋው።

ሌሎቹ ቃላት ከውጭ የመጡ ናቸው። «ነርስ» ራሱ፣ ቁስል ከማሰር የመጣው «ድሬሰር»፣ ከመነኮሳይያት ሚሲዮንና ከእንግሊዝ ሆስፒታል የክፍል ኃላፊ ማዕረግ የተወረሰው «ሲስተር»። ገበሬው ግን ይህንን ሁሉ ልዩነት አያውቀውም፤ ነጭ ጋውን የለበሰውን ሁሉ «ሐኪም» ይለዋል፤ ከጋውኑ ውጭ ያለውን ደግሞ «መርፌ ወጊ»። በቢሮ ወረቀት ላይ ሰውን ከሰው የሚለየው ደረጃ በገበያ መንገድ ላይ ትርጉም አልነበረውም። ይህንን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

«የተመዘገበ ነርስ» የሚለው ሐሳብ በዓለምም ቢሆን ዕድሜው ረጅም አይደለም። ፍሎረንስ ናይቲንጌል በለንደን ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ትምህርት ቤቷን የከፈተችው እ.ኤ.አ. በ1860 ነው። ነርሶችን በሕግ የመመዝገብን ሥርዓት ግን በአገር ደረጃ ቀድማ ያወጣችው ኒው ዚላንድ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1901። ብሪታንያ እስከ 1919 ቆየች። ናይቲንጌል ራሷ ምዝገባውን ትቃወም ነበር፤ ፈተና የሰውን ጠባይ አይመዝንም ብላ። መዝገቡ ግን አንድ ትልቅ ነገር አመጣ። ስሙ የተጻፈ ሰው በሕዝብ ፊት ኃላፊነት ወሰደ፤ ቢያጠፋ ከዚያው መዝገብ ስሙ ሊፋቅ ይችላል። ከዚህ በፊት ነጭ ሽርጥ የታጠቀች ሁሉ ነርስ ነኝ ማለት ትችል ነበር።

በዚያ የብሪታንያ መዝገብ ስማቸው ከሰፈረ ኢትዮጵያውያን መካከል በጣም የምትታወቀው የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ ናት። ቤተሰቧ በስደት ሳለ በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ሠልጥና በ1939 እ.ኤ.አ. የሕፃናት ነርስ ሆነች፤ ከዚያ በጋይስ ሆስፒታል አጠቃላይ ነርስነትን ቀጠለች። የንጉሥ ልጅ ሆኖ የበሽተኛ አልጋ ማንጠፍን የመረጠ ሰው በታሪካችን ብዙ የለም። ይህንን የምጠቅሰው ቤተ መንግሥትን ለማወደስ አይደለም፤ የመንገዱን ርዝመት ላሳያችሁ ብዬ ነው። አንዱን ፈቃድ ይዛ መቆም ስትችል ወደ ሁለተኛው ሄደች። አገሯ ገብታ፣ አግብታ፣ ወደ ወለጋ ሄደች፤ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም ነቀምት ላይ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም ዐረፈች። ገና ሃያዎቹን መጀመሯ ነበር። የአገሪቱ እጅግ የሠለጠነች ነርስ በወሊድ ሰበብ የሞተችው ከመሐል አገር ርቃ ነው። እኔ ይህንን እውነታ ለተማሪዎቼ ስነግር ሁልጊዜ ክፍሉ ጸጥ ይላል። በስሟ የተሠራው ሆስፒታል፣ ሲልቪያ ፓንክኸርስት ገንዘብ ካሰባሰበችለት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1951 ተከፍቶ ነርሶችን ማሠልጠን ጀመረ። ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው እርሱ ነው።

አሁን ወደ ጉና ሥር እንመለስ። ደብረ ታቦር የዘመናዊ ሙያ ታሪክ ጎረቤት ናት፤ ጋፋት ከከተማዋ ጥቂት መንገድ ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ የውጭ ባለሙያዎችን ሰብስበው «ሴባስቶፖል»ን ያስቀለጡበት። ሕክምና ግን ለከተማዋ በሰፊው የደረሰው ኋላ ነው፤ የአድቬንቲስት ሚሲዮን ከጣሊያን ወረራ በፊት በጀመረው ሥራ። የዛሬው ሆስፒታላችን ሥሩ እዚያ ነው። በየአገሩ እንደነበሩት የሚሲዮን ሆስፒታሎች ሁሉ፣ የመጀመሪያው የነርስ ትምህርት የክፍል ትምህርት አልነበረም። ማንበብ የሚችል ወጣት ቁስል ማጠብ፣ ማሰር፣ መድኃኒት ማደል እየተባለ ከባለሙያ ሥር ይለምዳል። ከቤተ ክህነት ትምህርት ጋር ያለው ተመሳሳይነት ይገርመኛል፤ ቆሎ ተማሪው ከየኔታ እግር ሥር እንደሚውል ድሬሰሩም ከሐኪሙ እግር ሥር ይውል ነበር። ልዩነቱ አንድ ነው፤ የቆሎ ተማሪ ከዜማ ወደ ቅኔ፣ ከቅኔ ወደ መጻሕፍት የሚያልፍበት የታወቀ መንገድ አለው። ድሬሰሩ አልነበረውም። እጁ የቱንም ያህል ቢለምድ ድሬሰር እንደሆነ ይኖራል።

የመጀመሪያው መደበኛ የነርስ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1949 በአዲስ አበባ ተከፈተ። የከፈተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ነው፤ ራሱ ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም የጣሊያን ጦር ሊገባ ሲያሰፈስፍ የተመሠረተው። ቦታውም ቀድሞ ቤተ ሳይዳ፣ በዚያ ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ዛሬ የካቲት 12 የሚባለው ሆስፒታል ነው። ትምህርቱ ሦስት ዓመት ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች በ1953 እ.ኤ.አ. ወጡ። ለአዲስ አበባ ትልቅ ነገር ነበር። ለደብረ ታቦር ልጅ ግን፣ በተለይ ለሴት ልጅ፣ ከጨረቃ የራቀ ነው። ዘመናዊ ትምህርት የቀመሰች ልጃገረድ በጣት በምትቆጠርበት፣ በአሥራዎቹ መጀመሪያ የምትዳርበት ደጋ ላይ፣ ሸዋ ድረስ ሄዳ ወንድ በሽተኛ እንድታጥብ የሚፈቅድ አባት ከየት ይገኛል?

ታሪኩን የለወጠው ጎንደር ነው፤ እዚህ ላይ ብዘገይ ታገሡኝ።

እ.ኤ.አ. በ1953 ከጣና ሰሜን በደንብያ ሜዳ ላይ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሺህ ሕዝብ ፈጀ። በቀጣዩ ዓመት በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ የቴክኒክ ርዳታ በአንድነት የቆሙበት ሥራ ነበር። አሳቡ በጊዜው ደፋር ነበር። ዶክተር እስኪበዛ አንጠብቅም፤ ሦስት ዓይነት ባለሙያ እናሠለጥናለን፦ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ፣ ያኔ «ሳኒታሪያን» የሚባለው። ሦስቱ እንደ ቡድን በአንድ ጤና ጣቢያ ይመደባሉ፤ ጤና ጣቢያው ለ50,000 ሕዝብ ይታሰባል። ተማሪዎቹ እንደ ቆላ ድባ ባሉ የማሠልጠኛ ጤና ጣቢያዎች ገበሬው መካከል እየኖሩ ይማሩ ነበር።

የማኅበረሰብ ነርሷ ከሆስፒታሉ ነርስ በምን ትለያለች? የሆስፒታሏ ነርስ በሽተኛው ወደ እርሷ ይመጣል። የማኅበረሰብ ነርሷ ግን ወደ በሽታው ትሄዳለች፤ ነፍሰ ጡሯን በቤቷ፣ ሕፃኑን በእናቱ ጀርባ፣ ተማሪውን በትምህርት ቤቱ፣ ምንጩን በሥፍራው። የጎንደሩ ትምህርት እንዲህ ያለ ሥራ በሙያ ደረጃ ሲያቆም፣ አስታማሚነትን ከነርስነት ጋር ያገናኘ ይመስለኛል፤ ሙያው ወደ ደጁ ተመልሶ ሄደ። የዚህን ኮሌጅ ታሪክ የጻፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጤና መኮንኖቹ ይናገራሉ፤ አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፤ ኋላም ብዙዎቹ ዶክተሮችና ሹሞች ሆነዋል። ነርሶቹ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋሉ። ይህ የታሪክ ጸሐፊዎች ጥፋት ነው፤ የእኔም ዘርፍ ጥፋት ነው።

ኮሌጁ ገና አራት ዓመት ሳይሞላው ፈተናው መጣ። እ.ኤ.አ. በ1958 ክረምትና መኸር ወባ ከወትሮው ቦታ ወጥቶ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ወዳለው ደጋ ዘለቀ። በአገሪቱ ሦስት ሚሊዮን ሰው እንደታመመና 150,000 ያህል እንደሞተ ተገምቷል። የፎገራን ሜዳና የፋርጣን ገደል የሚያውቅ ሰው ነገሩን ይረዳዋል። የደጋው ሰው ለአጨዳ ወደ ቆላና ወደ ሜዳ ይወርዳል፤ ሲመለስ ትኩሳቱን በጋቢው ይዞ ይወጣል። አያቶቻችን ያንን ዓመት የሚያስታውሱት ሰብሉ እርሻ ላይ ቆሞ አጫጅ በማጣቱ ነው። እንዲህ ባለ ዓመት ከሦስት ዓመት ሥልጠና የሚወጡ ጥቂት ነርሶችን መጠበቅ ዘበት ነበር። ድሬሰሮች በብዙ ሆስፒታሎች በአጭር ጊዜ ሥልጠና መውጣታቸው ለዚህ ነው። በየወረዳው ክሊኒክ ሕዝቡ ያገኘው «ሐኪም» እነዚሁ ናቸው።

አብዮቱ ሲመጣ አጭሩ መንገድ ይበልጥ ሰፋ። አልማ አታ ላይ እ.ኤ.አ. በ1978 የመጀመሪያ ደረጃ ጤና እንክብካቤ ሲታወጅ የደርግ መንግሥት ቀድሞም የያዘው አቅጣጫ ነበር። በዚያው ዓመት የጎንደሩ ኮሌጅ ከላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሕክምና ፋኩልቲ ሆነ፤ የጤና መኮንኖቹም ሥልጠና ተቋረጠ። አገሪቱ ዶክተር አገኘች፤ ነገር ግን በዶክተርና በገበሬ መካከል የነበረው መሰላል አንዳንድ እርከኖቹ ወለቁ። ክፍተቱን የሞላው «ጤና ረዳት» የሚባለው ነው።

እኅቴ ጤና ረዳት ነበረች። በ1973 ዓ.ም ደብረ ታቦር 12ኛ ክፍል ጨረሰች። ያኔ ወረታን ከወልድያ የሚያገናኘው፣ እኛ «የቻይና መንገድ» የምንለው፣ ገና በሥራ ላይ ነበር። አዲስ አበባ ሄዳ በሆስፒታል ትምህርት ቤት የሦስት ዓመት ነርስነት እንድትማር የመከሯት መምህር ነበሩ። በሌላ በኩል የጤና ረዳት ሥልጠና ነበር፤ አጭር ነው፤ ተማሪውን መንግሥት ያበላዋል፤ ሲወጣም ወዲያው ደመወዝ አለ። አባታችን ታመው ነበር፤ ከእርሷ በታች እኔን ጨምሮ አምስት ነን። መረጠች ማለት ይከብደኛል። የአጭሩን ወረቀት ፈረመች። እኔ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በእርሷ ደመወዝ ነው፤ ዛሬ ዶክተር ተብዬ በዚህ መድረክ የቆምሁት ከእርሷ በተወሰደ ሦስት ዓመት ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ስማዳ ውስጥ አንድ ክሊኒክ ተመደበች። አዋለደች፣ ከተበች፣ የተሰበረ አሰረች፤ ሐኪም ማየት የነበረበትን ሁሉ ብቻዋን አየች። በ1977 ዓ.ም በረሃብ ጊዜ ለተወሰኑ ወራት ወደ ኢብናት ተላከች። በኢብናት መጠለያ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሰፍረው ነበር፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ በኃይል እንዲበተኑ ተደርጓል፤ በታሪክ የታወቀ ነው። እትዬ ስለዚያ ጊዜ ብዙ አትናገርም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቡና ላይ፣ «ስኳርና ጨው በውኃ በጥብጦ በማንኪያ ማጠጣት ነበር ሥራዬ። ለዚያ ዲግሪ አያስፈልግም፤ እንቅልፍ አለመተኛት ነው የሚያስፈልገው» ብላኛለች።

በቢሮ በኩል ግን ጤና ረዳት ጤና ረዳት ነው። ጓደኞቿ «ሲስተር» ሲባሉ እርሷ በስሟ ትጠራለች፤ ገበሬው ብቻ «ሐኪሟ» ይላታል። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ የጤና ረዳትነት እየቀረ ነባሮቹ ወደ ነርስነት እንዲያድጉ ተወሰነ። ውሳኔው ትክክል ነበር። አፈጻጸሙን ግን አየሁት። በ1994 ዓ.ም የአርባ ዓመት ሴት፣ የልጆች እናት፣ ከእርሷ ልጅ ትንሽ ከሚበልጡ ወጣቶች ጋር በአንድ ወንበር ተቀመጠች፤ የተማረችበትን ተቋም ስም አልጠራም። የሃያ ዓመት አገልግሎቷ በአንድ ኮርስ እንኳ አልታሰበላትም። የደም ግፊት አለካክ በተግባር ስትፈተን፣ ፈታኙ ቀድሞ እርሷ ያዋለደችው ልጅ ሆኖ ተገኘ። እርሱም አላወቀም፤ እርሷም አልነገረችውም። ይህንን ሰምቼ በጣም ተናደድሁ። ለብዙ ዓመታትም በዚህ ንዴት የተነሣ አንድ አቋም ይዤ ኖሬአለሁ፦ ድሬሰር፣ ጤና ረዳት፣ የአጭር ጊዜ ሥልጠና ሁሉ ለገጠሩ ሕዝብ የተሰጠ ግማሽ እንጀራ ነው፤ ሙሉ ነርስ ለከተማ፣ ግማሽ ነርስ ለደጋ።

ይህንን ንግግር ሳዘጋጅ አቋሜን ለእትዬ ነገርኋት። ሳቀችብኝ። «አንተ ልጅ፣ እናንተ ረጅሙን ስትጠብቁ ስማዳ ላይ ማን ያዋልድ ነበር?» አለች። መልስ አልነበረኝም። የ1951 መግቢያን ወባ፣ የ1977ን ረሃብ ያየ ሰው አጭሩን መንገድ መናቅ አይችልም። ስለዚህ ክርክሬን ማረም ነበረብኝ። በደሉ የሥልጠናው ማጠር አልነበረም። በደሉ ከአጭሩ መንገድ ወደ ረጅሙ የሚያሻግር ድልድይ አለመሠራቱ ነው። አገሪቱ በችግር ቀን ሰዎቹን በአጭሩ አስገባቻቸው፤ ችግሩ ሲያልፍ መውጫውን ረሳችው።

በዚህ ዓይን የቅርቡን ጊዜ ብናይ ነገሩ ይደጋገማል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀምሮ 10ኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች አንድ ዓመት እየሠለጠኑ ለየቀበሌው ሁለት ሁለት ተመደቡ፤ ቁጥራቸው ከ30,000 በላይ ደረሰ። ሥራቸው የጎንደሯን የማኅበረሰብ ነርስ ይመስላል፤ ቤት ለቤት ነው። ውጤቱን ዓለም መስክሮለታል። ከሌሎቹ ጊዜያት የተሻለውም ነገር የደረጃ ማሻሻያ በኋላ የተከተለ መሆኑ ነው። በሌላ በኩል የመንግሥትም የግልም ኮሌጆች በፍጥነት ተስፋፉ፤ ባሕር ዳር፣ ጎንደር ቴዳ፣ ደሴ፣ ደብረ ብርሃን። የመካከለኛ ደረጃ ነርስ በብዛት ወጣ። ዩኒቨርሲቲዎችም ተጨመሩ፤ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር የዚህ ደጋ ልጅ ለዲግሪ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ መሄድ ግዴታው መሆኑ ቀረ። የሚሲዮኑ ሆስፒታል ወራሽ ዛሬ ማስተማሪያ ሆስፒታል ነው። ከድሬሰሩ ዘመን አንጻር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሆኖም በሩ በሌላ በኩል ጠበበ። በ2011 ዓ.ም ለጤና ባለሙያዎች ብሔራዊ የሙያ ፈቃድ ፈተና ተጀመረ፤ በ2015 ዓ.ም የመውጫ ፈተና በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ላይ ተጣለ። በደረጃ ለሚሠለጥኑት ደግሞ «ሲ.ኦ.ሲ» የምንለው የብቃት ምዘና አለ። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሲቀር፣ ከ10ኛ ክፍል ወደ ኮሌጅ የሚወስደው የለመድነው መንገድ ተለወጠ። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት ወደ 900,000 ከሚጠጉ ተማሪዎች ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። ማካካሻው ትምህርት የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የወንድሜን ልጅ የመሰለ፣ በላይ ጋይንት ቤተ ሙከራ በሌለው ትምህርት ቤት የተማረ ወጣት የሚቆመው እዚህ መስቀለኛ መንገድ ላይ ነው። ፈተናውን አልቃወምም። መዝገብ ካለ ወደ መዝገቡ የሚያስገባ ሚዛን ያስፈልጋል። ነገር ግን ሚዛኑ ሲከብድ መማሪያውም አብሮ መክበድ ነበረበት።

አንድ ንጽጽር ልጨምርና ወደ መጨረሻው እሄዳለሁ። አሜሪካ የሄዱ ብዙ የአገራችን ልጆች ሕይወት የሚጀምሩት «ሲ.ኤን.ኤ» በሚባለው የአስታማሚነት ሥራ ነው። ሌሊት ሽማግሌዎችን እያገላበጡ፣ ቀን እየተማሩ፣ አንዳንዶቹ «አር.ኤን»፣ ማለትም የተመዘገበ ነርስ ይሆናሉ። እዚያ ሁለት ዓመት ገደማ የሚፈጀውን የማኅበረሰብ ኮሌጅ ትምህርት የተማረና አራት ዓመት በዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው የሚፈተኑት አንድ ፈተና ነው፤ «ኤንክሌክስ» ይባላል። ያለፈ ሁሉ በአንድ ስም በአንድ መዝገብ ይገባል። ከዚያ በኋላ አጭሩን የተማረው እየሠራ ወደ ዲግሪው የሚሻገርበት የታወቀ ድልድይ አለው። ይህንን የምለው የሰው አገር ጽድቅ ነው ለማለት አይደለም፤ እዚያም የአሠሪዎች አድልዎ አለ፤ ዲግሪ ያለውን መርጦ መቅጠር እየበዛ ነው። የእኛ አገር ግን ሁለቱን መንገዶች በሁለት ፈተናና በሁለት ማዕረግ ለይቶ፣ በአንድ ክፍል አንድ ዓይነት ሥራ ያሠራቸዋል። የሌሊት ተረኛ የሆነ ሰው ልዩነቱን በደመወዝ ወረቀቱ ላይ ብቻ ያየዋል።

ለወንድሜ ልጅ ምን መለስሁላት? ሁለት ነገር ጠየቅኋት። አንደኛ፣ የምትገቢበት ኮሌጅ ያስመረቃቸው ልጆች ከሦስት ዓመት በኋላ የት ናቸው? ስንቶቹ ወደ ዲግሪ ተሻገሩ፣ ስንቶቹስ ሥራ አጥተው ቤት ተቀመጡ? ኮሌጁን ሳይሆን ልጆቹን ጠይቂ አልኋት። ሁለተኛ፣ ማካካሻውን ብትወድቂ ቤትሽ ስንት ዓመት ሊጠብቅሽ ይችላል? ለሁለተኛው መልሱን ወዲያው ታውቀው ነበር፤ ዐይኗን ወደ መሬት አደረገች። የደጋው ሰው ቤት ያለውን ነገር በቁጥር አይናገርም። ከዚያ ወደ እትዬ ላክኋት። ሁለቱ ለግማሽ ቀን በር ዘግተው ተነጋገሩ፤ ምን እንደተባባሉ አልነገሩኝም። ልጅቱ ማካካሻውን ገብታለች። እትዬ ከጡረታዋ እየቆረጠች የወጪዋን አንድ ክፍል ትልክላታለች፤ ይህንን ያወቅሁት ከባንክ ደረሰኝ ነው እንጂ እርሷ ነግራኝ አይደለም።

አንድ ልመና አለኝ። በዚህ አዳራሽ ካላችሁት ውስጥ እናታችሁ፣ አክስታችሁ ወይም አያታችሁ ድሬሰር፣ የጎንደር የማኅበረሰብ ነርስ ወይም ጤና ረዳት የነበሩ አላችሁ። ሲሞቱ ሣጥናቸው ይጸዳል፤ የምስክር ወረቀቱ፣ የቡድን ፎቶግራፉ፣ የክሊኒኩ መዝገብ ቅዳጅ ወደ እሳት ይሄዳል። ከስማዳው ክሊኒክ የወጣ አንድ የወሊድ መዝገብ ከእትዬ ዘንድ አግኝቻለሁ፤ ሽፋኑ ተቀዷል፤ በእርሳስ የተጻፈ ነው፤ በየመስመሩ የእናት ስም፣ ቀበሌ፣ ወንድ ወይም ሴት፣ በመጨረሻው ዓምድ «ደህና» ወይም ባዶ። ባዶዎቹን ገና ቆጥሬ አልጨረስሁም። የእናንተንም ወደ ትምህርት ክፍላችን አምጡልኝ፤ ቅጂውን አንሥተን ዋናውን እንመልሳለን። አሁን ጥያቄ ካላችሁ፣ ከጤና ሳይንስ በኩል እንጀምር።